ጨለማ ስንት ቀለም አለው? — የቫን ጎግን «ድንች በዪዎቹ» ስለ ማየት

የገጠርን ኑሮ ስለሚያሳይ ሥዕል ስንነጋገር በመካከላችን የተለመደ አንድ አቋራጭ መንገድ አለ። ሥዕሉ ደመቅ ካለ «ተስፋ ነው» እንላለን፤ ጨለም ካለ «ድህነት ነው፣ ጭቆና ነው» እንላለን። ከዚያ ሠዓሊው ለገበሬው መወገን አለመወገኑ ይጠየቃል፣ ይፈረዳል፣ ሂሱም በዚሁ ያበቃል። ቀለም እንደ ትራፊክ መብራት ሆነ ማለት እኮ ነው። ቀለሙ ከምን ተቀላቅሎ እንደ ተሠራ፣ ብርሃኑ ከየት መጥቶ ማን ላይ እንዳረፈ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ አቋራጭ ክፉኛ ከተጎዱት ሥራዎች አንዱ የቪንሰንት ቫን ጎግ «ድንች በዪዎቹ» ይመስለኛል። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

(ስለ ርእሱ አንድ ቃል ልበል። «ድንች ተመጋቢዎቹ» ብሎ መተርጐም ይቻላል። ጨዋ ቃል ነው፤ ግን ለግብር አዳራሽ እንጂ ለዚህ ጎጆ አይሆንም። እዚህ ቤት ሰው ይበላል እንጂ አይመገብም። የሆላንድኛውም ስም እንዲሁ ያለ ጌጥ ነው።)

ሥዕሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት፣ በደቡብ ኔዘርላንድስ በብራባንት ምድር በምትገኝ ኑነን በምትባል መንደር ነው። ቁመቱ 82፣ ስፋቱ 114 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አምስተርዳም በሚገኘው በቫን ጎግ ሙዚየም ተሰቅሏል። ሠዓሊው ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ሲሆን ሥዕልን ሥራዬ ብሎ ከያዘ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። አባቱ የመንደሩ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ፤ ሥዕሉ ሊጀመር ሲል፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ሞተዋል።

አምስት ሰዎች በአንድ ጠባብ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከጣሪያው አግዳሚ ላይ አንዲት የዘይት መብራት ተንጠልጥላለች። ከግራ በኩል አንድ ሰውና አንዲት ወጣት ሴት ሹካቸውን ወደ አንዱ የጋራ ሳሕን ሰደዋል፤ ሳሕኑ ውስጥ ትኩስ ድንች አለ። መካከል ላይ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ሲኒ ይዟል። በስተቀኝ ያለችው ሴት አንገቷን ደፍታ ቡና ትቀዳለች። (ቡናው የእኛ ዓይነት ቡና ስለ መሆኑ እጠራጠራለሁ።) በግራ በኩል ግድግዳው ላይ ሰዓትና የስቅለት ሥዕል ተሰቅለዋል። ይኸው ነው። አዝመራ የለም፣ ሰማይ የለም፣ ከብት የለም፤ ሆኖም ከዚህ የበለጠ የገጠር ሥዕል አላውቅም።

ይህች መጽሔታችን በስቴንስል የምትባዛ ናትና ቀለም አይወጣላትም። ስለዚህ ቀለሙን በቃል መናገር ሊኖርብኝ ነው። ደግነቱ ሠዓሊው ራሱ ለወንድሙ ለቴዎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች እንዴት እንደ ሠራው በዝርዝር ነግሮናል። የሥራ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ስለ ነፍሱ ጭንቀት ሳይሆን ስለ ቅልቅሉ ነው የሚያወራው።

ከነጩ እንጀምር። ሥዕሉ ውስጥ ነጭ ነገር ሞልቷል፤ የሴቶቹ ቆብ፣ የገበታው ልብስ፣ ሲኒዎቹ። ሁላችንም አይተን «ነጭ ቆብ» እንላለን። ሠዓሊው ግን ነጭ ቀለም እምብዛም አልተጠቀምኩም ይላል። ቬርሚሊዮን የሚባለውን ደማቅ ቀይ፣ የፓሪስ ሰማያዊንና የናፖሊ ቢጫን ቀላቅሎ ያገኘው ቀለም ነው እንደ ነጭ የሚታየን። ያ ቅልቅል ለብቻው ቢታይ ጥቁር ሊባል የቀረው ግራጫ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ሲገባ ግን፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከእርሱ የባሰ ስለሚጨልም፣ ነጭ ይሆናል። ምክንያቱንም ይናገራል፤ በጢስ የጠቆረ ግድግዳ፣ ያደፈ የገበታ ልብስ፣ በእርሻ ሲውል አቧራ የጠጣ ቆብ፣ በትንሽ መብራት ሥር ዓይንን ጨፈን አድርገው ሲያዩት ነጭ አይደለም፤ ጥቁር ግራጫ ነው። መብራቷ ደግሞ ቀይና ወርቅ መሳይ ብትሆንም ከዚያ «ነጭ» እጅግ ታበራለች።

በኩራዝ ያጠና ሁሉ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ኩራዝ ቤት አያበራም። ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ጨለማውን ገፋ አድርጎ ይቆማል እንጂ። ቀሪው ጨለማም ጥቁር ሆኖ አይቀርም፤ ጥላሸት የበላው ግድግዳ ቡናማ ይሆናል፣ ማእዘኑ ሰማያዊ ይመስላል፣ የእናት ነጠላ ቢጫም ግራጫም ይመታል። ነጠላው ነጭ መሆኑን የሚነግረን ዓይናችን ሳይሆን ቀን ያየነው ትዝታ ነው። የቫን ጎግ ድፍረት ትዝታውን ትቶ ያየውን መቀባቱ ነው። በጥቁር ቀለም ማጨለም ቀላል ነበር፤ ገዝተህ መለቅለቅ ነው። እርሱ ግን ጨለማውን ከቀይ፣ ከሰማያዊና ከቢጫ አዋልዶ አወጣው። ስለዚህ በጥሩ የቀለም ኅትመት ጥቂት ጊዜ ፊቱ የቆየ ሰው ጨለማው መተንፈስ ሲጀምር ያያል፤ አረንጓዴ ይወጣል፣ ሰማያዊ ይወጣል፣ የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ ይወጣል።

ይህን ከየት ተማረው? አንደኛው መልስ መጽሐፍ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ብላን ስለ ሥነ ጥበብ የጻፈውን አንብቦ ነበር፤ ከዚያም ላይ የሠዓሊውን የደላክሯን የቀለም ሕግ ያገኛል። ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካንማ፣ ቢጫና ሐምራዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው ይጎላሉ፤ ሲቀላቀሉ ደግሞ ይሰባበሩና ግራጫ ይሆናሉ፤ ግን የሞተ ግራጫ አይደለም። ሁለተኛው መልስ ግን ለእኔ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ኑነን የሸማኔዎች መንደርም ነበረች። ቫን ጎግ በ1884 ዓ.ም. በየሸማኔው ቤት እየገባ ከእነ መሸመኛቸው ሲስላቸው ነው የከረመው። ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ የሚመስል ጨርቅ ቀረብ ሲሉት የቀለማት ክር ሆኖ እንደሚገኝ እዚያ አይቷል። ስለዚህ ሥዕል ለወንድሙ ሲጽፍም በሸማኔ ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ክሩን ክረምቱን በሙሉ በእጄ ይዤ ነበር፣ ስፈልግ የኖርኩት የመጨረሻውን ጥለት ነው ይላል። ከመጽሐፉ ሕጉን ቢያገኝ ከሸማኔው ደግሞ ሥራውን አገኘ። ሠርቶ አደሩን ስሎ ብቻ አልሄደም፤ ከሠርቶ አደሩ ሙያ ተምሯል። ስለ «ሠዓሊውና ሕዝቡ» ስንጽፍ ይህን መሳይ ነገር ለምን እንደምንዘለው አይገባኝም።

አሁን ወደ ፊቶቹ እንምጣ፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ነው።

ቫን ጎግ ለዚህ ሥዕል ሲዘጋጅ በዚያ ክረምት ወደ 40 የሚሆኑ የገበሬ ራሶችን በቀለም ሠርቷል። ደ ግሮት ለሚባለው ለዚህ ቤተሰብ እየከፈለ ያስቀምጣቸው ነበር። በትልቁ ሸራ ላይ ፊቶቹን ጨርሶ ነበር፤ በቢጫና በቀይ የአፈር ቀለምና በነጭ፣ ማለት ማንኛውም የዘመኑ ሠዓሊ የአውሮፓዊን ቆዳ በሚሠራበት ቅልቅል። ከዚያ ቆሞ አየው፤ አልሆነም። በጣም በራ። ምን ተሻለ? ያለቁትን ራሶች በሙሉ ሳይራራ ደግሞ ቀባቸው፤ አፈሩ ያልተራገፈለት፣ ልጣጩ ያልተነሣለት ድንች በሚመስል ቀለም። ይህንንም በኩራት ነው የሚጽፈው። ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ስለ ሚሌ ገበሬዎች ተብሎ የነበረው ነገር፣ በሚዘሩት አፈር የተሳሉ ይመስላሉ የሚለው፣ ሲሠራ ሁሌ በጆሮው ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ሰውን በሚበላው ነገር ቀለም መሳል ማክበር ነው ወይስ ማዋረድ? ሰው ድንች ነው እንዴ? ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የቄስ ልጅ፣ ከተማ ያየ፣ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነው ወደዚህ ጎጆ የገባው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ግንባራቸው አጭር፣ ከንፈራቸው ወፍራም፣ ፊታቸው ሻካራ የሆኑ ሰዎችን ለይቼ እፈልጋለሁ ይላል። ይህ ለጆሮ አይጥምም። እኛም ከገጠር የመጣን ተማሪዎች በከተሜ ብዕር «የአፈር ልጅ» እየተባልን ስንሞገስ የሚሰማንን እናውቃለን። የሚያሞግስህ ሰው አንዳንዴ ከድንጋይና ከግንድ ጋር ነው የሚቆጥርህ።

መልሱን ከደብዳቤው ሳይሆን ከሸራው ብንፈልግ ይሻላል፤ ሠዓሊ በብዕሩ ከሚናገረው በብሩሹ የሚያደርገው ይበልጣልና። ያ የድንች ቀለም ፊት ላይ ብቻ አልቀረም። እጆቹ ላይ አለ፣ ገበታው ላይ አለ፣ ግድግዳው ላይ አለ፣ ድንቹም ላይ አለ። ሠዓሊው ሊያሳይ የፈለገው እነዚህ በመብራት ሥር ድንች የሚበሉ ሰዎች አሁን ወደ ሳሕኑ በሚሰዱት በዚያው እጅ መሬቱን መቆፈራቸውን ነው። ይህን «በላብህ ወዝ ብላ» ብሎ በቃል መጻፍ አያስቸግርም፤ በቀለም ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ቫን ጎግ አደረገው። ዓይናችን ከሳሕኑ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት ሲሄድ የቀለም ድንበር አያገኝም። መሬቱ፣ ሥራውና እራቱ አንድ ሆነዋል። ሥዕሉ ውስጥ የሌለው እርሻ ሁሉ በዚህ ቀለም በኩል ገብቷል። ሰዎቹ ድንች ሆነው ቀርተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዓይን ባልኖራቸው ነበር። ወጣቷ ሴት ወደ ጎኗ ሰው እንዴት እንደምታይ ተመልከቱ። እርሱ አያያትም። ሲኒ የያዘውም ሆነ ቡና የምትቀዳው በየራሳቸው ሐሳብ ናቸው። ቀለሙ አንድ አድርጓቸዋል፤ ዓይናቸው ግን አልተገናኘም። ድካም ማለት ይህ ነው፤ አብሮ ተቀምጦ መራራቅ። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ሰዎቹን እንደ አትክልት ቆጥሯል ለማለት እቸገራለሁ።

ሁሉም ግን እንደኔ አላየውም። የመጀመሪያው ክፉ ሂስ የመጣው ከቅርብ ወዳጁ ከሠዓሊው ከአንቶን ቫን ራፓርድ ነው። ቫን ጎግ ሥዕሉን በሊቶግራፍ፣ ማለት በድንጋይ ላይ ስሎ በማተም አባዝቶት ነበርና አንዱን ቅጂ ላከለት። በግንቦት 1885 ዓ.ም. መልስ መጣ። ማንቆርቆሪያው አልተያዘም፣ አልተቀመጠም፤ ታዲያ ምን እያደረገ ነው? የሰውዬው ጉልበትና ሆድ የት ሄደ? ክንዱ ለምን አጠረ? ይህን ይዘህ ነው የሚሌን ስም የምትጠራው? የሚል ነበር ጭብጡ። ቫን ጎግ ደብዳቤውን መልሶ ላከለት፤ የአምስት ዓመት ወዳጅነትም በዚያው ዓመት ፈረሰ።

ፍርድ እንስጥ ካልን ራፓርድ ስለ ክንዱም ስለ ማንቆርቆሪያውም ትክክል ነው። ሥዕሉ የአካል አሳሳል ጉድለት አለበት፤ አምስቱ ሰዎች ለየብቻ ተሠርተው የመጡ ይመስላሉ፤ የመጨረሻውም ሸራ በአብዛኛው ከትዝታ ነው የተሠራው። ግን አንድ ነገር አይዘንጋ። ራፓርድ ሥዕሉን አላየውም! ያየው ጥቁርና ነጩን ኅትመት፣ ያውም ግራና ቀኙ የተገለበጠውን ነው። ነጭ መስሎ የሚታይ ግራጫ፣ የድንች ልጣጭ የለበሰ ፊት፣ ሰማያዊ ጥላ፣ ይህ ሁሉ ቀርቶ ክንድና አፍንጫ ብቻ ነው የደረሰው። ቀለሙ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው በእርግጥም ጨለማና ጠማማ ሰዎች ናቸው። «ድህነትን የሚያሳይ ጨለማ ሥዕል» የምንለው እኛም ብዙውን ጊዜ የምንፈርደው በራፓርድ ኅትመት ነው፤ ከደከመ መጽሐፍ ላይ፣ ቀለሙ ወደ አንድ ቡናማ ጭቃ ከተለወጠ ቅጂ ላይ።

ከሚሌ ጋር ማስተያየቱ ግን አይቀርም፤ ቫን ጎግ ራሱ አባቴ ያህል የሚያየው ሰው ነውና። የሚሌን «ቃራሚዎቹ» እንውሰድ፤ በ1857 ዓ.ም. ፓሪስ ለዓመታዊው ኤግዚቢሽን የቀረበ፣ አሁን በኦርሴ ሙዚየም ያለ ሥራ ነው። ሦስት ሴቶች ጎንበስ ብለው ከአጨዳ የተረፈ ቃርሚያ ይለቅማሉ። የአንዷ ሻሽ ሰማያዊ፣ የሌላዋ ቀይ ነው። ብርሃኑስ የት ነው? ከኋላቸው! በሩቁ የተከመረው ነዶ፣ ሠረገላው፣ ፈረስ ላይ ያለው አለቃ፣ ሁሉም በወርቅ ጸዳል ተጥለቅልቋል፤ ሴቶቹ ግን ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃኑ የባለመሬቱ ነው። አንድም መፈክር ሳይጻፍ የእርሻው ሥርዓት በብርሃን አደላደል ተነገረ። የዘመኑ የፓሪስ ባለጸጎች ሥዕሉን አይተው የደነገጡት በከንቱ አልነበረም።

ቫን ጎግ የሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚህ ባለመሬት የለም፤ ቀኑም አልቋል። ያለችው ብርሃን አንዲት ናት፣ የእነርሱው ናት፣ ዘይቷም የተገዛው በእነርሱው ገንዘብ ነው። ከአምስቱ አንዱንም ለይታ አትቀባም። የሚሌ ብርሃን ያበላልጣል፤ የቫን ጎግ መብራት ያካፍላል። እኔ በበኩሌ ሚሌ የተሻለ ሠዓሊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሴቶቹ መሬት ላይ የቆሙ፣ ክብደት ያላቸው ናቸው፤ ማንም ክንዳቸው አጠረ አይልም። ግን ሚሌ ከሴቶቹ ጋር ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደዚያ ወርቅ ሰማይ ይሸሻል፤ እኛም አብረን እንሸሻለን፣ ልባችን በማምሻው ውበት ይለሰልሳል። ከኑነን ጎጆ ግን መሸሻ የለም። ያቺ ጀርባዋን የሰጠችን ልጅ መግቢያውን ዘግታዋለች፤ የድንቹ እንፋሎት ከፊቷ ይነሣል፤ ከእርሷ ዙሪያ አልፈህ ነው ገበታውን የምታየው። ሠዓሊው የገበሬ ሥዕል ጢስና የድንች እንፋሎት ቢሸት ምን ነውር አለው ይላል። ሽቶ እንዲሸት አልፈለገም።

ስለ ወርቅ ካነሣን ግን እርሱም ወርቅ ፈልጎ ነበር፤ ቦታውን ነው የለወጠው። ይህ ሥዕል ወይ በወርቅ ክፈፍ ይግባ፣ ወይ የደረሰ ስንዴ ቀለም ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ያለዚያ ባይታይ ይሻላል ብሎ ለቴዎ አዞታል። ምክንያቱም የቀለም ነው፤ ጥላዎቹ በሰማያዊ የተሠሩ ስለ ሆኑ ከአጠገባቸው ወርቅ ሲደርስ ሕያው ይሆናሉ። ሚሌ አዝመራውን ከሰዎቹ ኋላ አስቀመጠው፤ ቫን ጎግ ከሥዕሉ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ፈለገው። ስንዴው በዚያ ቤት ውስጥ የለም፤ ድንች ነው የሚበላው።

የኋላ ታሪኩ አጭር ነው። በ1885 ዓ.ም. መጸው ላይ የቤቱ ልጅ፣ ያቺው ወጣት ሴት፣ ስታረግዝ መንደሩ ሠዓሊውን ጠረጠረ፤ የካቶሊኩም ካህን ምእመናን ከፊቱ እንዳይቀመጡ ከለከሉ። በኅዳር ወር ኑነንን ለቆ ሄደ፣ ዳግመኛም አልተመለሰባትም። በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ገባ፤ ቀለሙ በራ፣ እኛ ሁላችን የምናውቀው የሱፍ አበባውና ቢጫው ቤት መጡ። «ከጨለማ ወደ ብርሃን ወጣ» የሚባለው ተረት የተሠራው ከዚህ ነው። እርሱ ግን በ1887 ዓ.ም. ከፓሪስ ለእኅቱ ሲጽፍ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው የኑነኑ የድንች ሥዕል ነው ብሏል። በ1890 ዓ.ም.፣ በሞተበት ዓመት፣ በሳን ሬሚ ሕሙማን ቤት ሳለ ደግሞ እንደ ገና ልሠራው አስቤያለሁና የድሮ ንድፎቼን ላኩልኝ ብሎ ጠየቀ። ሳይሠራው ሞተ። የደቡብ ፈረንሳይን ፀሐይ ያየ ዓይን ያቺን መብራት እንዴት አድርጎ ይቀባት ነበር የሚለው ሲከነክነኝ ይኖራል።

ጥሩ የቀለም ኅትመት ያለው መጽሐፍ እጁ የገባ ሰው እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ ፊቶቹን ተዋቸው። በአውራ ጣትህ መብራቷን ሸፍናትና የሴቶቹን ቆብ እይ። ከዚያ ጣትህን አንሣና ደግመህ እይ። ቆቡ ምን ዓይነት ነጭ እንደ ሆነ ለሚቀጥለው እትም ጽፈህ አምጣ።